ዶሮዎቼ እየሞቱ ነው፤ ልናገር ወይስ ልሽጥ?

ጠያቂያችን አዳማ ከተማ ዳር የሚኖሩ እናት ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ብለው 120 የ45 ቀን ሳሶ ዶሮዎች ገዝተው እያሳደጉ ነው። መኖው በዱቤ ነው። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሦስት ሞቱባቸው፣ በማግስቱ ሰባት። የቀሩት አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ይጠማዘዛል። ባለቤታቸው «ሰው ሳይሰማ እንሽጣቸው» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ለቀበሌ ከተናገርሽ ሁሉንም ይፈጁብሻል» ብላቸዋለች። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ብናገር ምን አገኛለሁ?»

እህቴ፣ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ከዛሬ ጀምሮ ከግቢዎ አንድም ዶሮ አይውጣ። አይሸጥ፣ ለዘመድም አይሰጥ። አዲስም አይግባ። የታመሙትን ይለዩ። አንድ ሰው ብቻ ይመግባቸው፤ መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ መጨረሻ ላይ የታመሙትን። «ከምትሞት ትታረድ» የሚባለውንም ይተዉት፤ ላባውና የሆድ ዕቃው በሽታውን ይበትናል። የሞቱትን ለውሻ አይጣሉ፣ ቦይ ውስጥም አይወርውሩ። ጠለቅ አድርገው ይቅበሩ፤ ኖራ ካገኙ ይነስንሱበት። ዛሬ ከሞቱት ግን ሁለት ሦስቱን አይቅበሩ። በድርብ ፌስታል ቋጥረው ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩልኝ፤ ለምርመራ ይፈለጋሉ። ከዚያ ለአካባቢዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይደውሉ።

የነገሩኝ ምልክት ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይመስላል። ሳይመረመር ግን ነው ብዬ አልደመድምም፤ የሚመሳሰሉ በሽታዎች አሉ። ፈንግል ከሆነ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ውሃ ውስጥ ይበጠብጣል። ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ብርዎ ያልቃል፣ ቀኑም ያመልጥዎታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ መክሮ መሄድ ቀላል ነው። እኔ ግን ሰው የዶሮ በሽታ የሚደብቀው ባለማወቅ ነው ብዬ አላምንም። ዕዳ አለብዎት። በዓሉ ደርሷል። የታመመች ዶሮ ዛሬ ብትሸጥ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ብር ታመጣለች፣ ነገ ከሞተች ምንም። ለሞተው ካሳ ያገኛሉ ብዬም ቃል ልገባልዎ አልችልም። ስለዚህ ባለቤትዎ «እንሽጥ» ማለታቸው ክፋት አይደለም፣ ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ያልቆጠረው ነገር አለ።

ነጋዴው የእርስዎን ዶሮዎች ከሌሎች ጋር በአንድ ቅርጫት ይጭናል። ያው ቅርጫት ነገ ሌላ ግቢ ይገባል። ቫይረሱ በኩስ፣ በጫማ፣ በመኖ ጆንያ፣ በእንቁላል ትሪ ይጓዛል። ፈንግል በበዓል ሰሞን የሚብሰው ዶሮ ከየአቅጣጫው ገበያ ላይ ስለሚገናኝ ነው። ያልተሸጠውም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የያዘውን ይዞ። እርስዎ ከበዓሉ በኋላ የሚያስገቧቸው ጫጩቶች የሚያድጉት እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ዛሬ በግማሽ ዋጋ የሸጡት በሽታ በሚቀጥለው ዙር ደጅዎ ላይ ይጠብቅዎታል። የገዛችው ደንበኛም ዶሮዋ ቤቷ ሳትደርስ ከሞተች ዳግመኛ ከእርስዎ አትገዛም።

ጎረቤትዎ ስለተናገረችው ልመልስ። በአገራችን ፈንግል ሲገኝ የተለመደው እርምጃ ዝውውር መገደብና በዙሪያው ያሉትን ጤነኛ ዶሮዎች መከተብ ነው እንጂ ቤት ለቤት እየዞሩ መንጋ መፍጀት አይደለም። ገደቡ ይጎዳል፤ አልሸሽግዎትም። ዶሮዎቹ ለእንቁጣጣሽ ላይደርሱ ይችላሉ። ማሳወቅ ግን በ1994 ዓ.ም. ከወጣው የእንስሳት በሽታ አዋጅ ጀምሮ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ገበያ የሚሰብረው ሪፖርት ነው የሚለውንም አልቀበልም። በ1998 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጉራጌ ውስጥ አንድ የዶሮ ማባዣ ጣቢያ ዶሮዎች ሲሞቱ በርድ ፍሉ ገባ ተባለ። ሰው ዶሮና እንቁላል መግዛት ፈራ፣ ዋጋ ወደቀ። ምርመራው በርድ ፍሉ እንዳልሆነ አሳየ። አርቢውን የጎዳው ውጤቱ ሳይሆን ውጤቱ እስኪመጣ የነገሠው ወሬ ነበር። እርስዎም ዝም ቢሉ ሰፈሩ ዝም አይልም። ሬሳ ሲቀብሩ የሚያይ አለ፣ ቡና ላይ ይነሳል። የምርመራ ወረቀት በእጅዎ ካለ ግን የሚናገሩት ነገር ይኖርዎታል።

ሐፍረቱ ይገባኛል። ዶሮ የቤት እመቤት እጅ ነው፤ ሲሞት «አያያዝ አታውቅም» የሚባለው በእሷ ነው። ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ የሚያነጋግረው አባወራውን ነው። ውሃ የምትቀዳው፣ መኖ የምትሰጠው፣ መጀመሪያ ያስነጠሰችውን የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ! ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። ስንት እንደነበሩ፣ ስንት በየትኛው ቀን እንደሞቱ፣ ምን ምልክት እንዳዩ፣ ከማን እንደገዙ ይናገሩ። የክትባት ካርድ ካለ ያሳዩ።

ብቻዎን መጋለጥ ከከበደዎት ሁለት ሦስት ጎረቤት ይያዙ። «የእኔ ዶሮ ሞተ» ከማለት «ሰፈራችን ውስጥ ዶሮ እየሞተ ነው» ማለት ይቀላል። ለኪስም ይበጃል። ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። አሥር ዶሮ ያላት ብቻዋን ብትገዛ ትከስራለች፣ ተሰብስቦ ግን ድርሻው ትንሽ ነው። ክትባት ጥበቃ ለመስጠት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ጎረቤትዎ ዛሬ ከሰማች ዶሮዎቿን ታተርፋለች። ከሳምንት በኋላ ከሰማች አይጠቅማትም። በኋላም በእርስዎ ነው የምታዝነው።

መኖ ነጋዴውንም አይሽሹት። ከግቢ ግቢ የሚዞረው እሱ ነው፤ ጆንያው በሽታ እንዳይዞር ማወቅ አለበት። ደግሞም የጠፋ ባለዕዳ ያስፈራዋል እንጂ የምርመራ ውጤት ይዞ «ጊዜ ስጠኝ» የሚል አያስፈራውም። መልሶ መኖ የሚገዛው ሥራውን የተወ አርቢ ሳይሆን የቀጠለ አርቢ መሆኑን ያውቃል።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም፣ አንድ ነገር አለኝ። ደውላ መልስ ያላገኘች አርቢ ሁለተኛ አትደውልም፤ ለጎረቤቷም «በከንቱ አትልፊ» ትላለች። ናሙና ወስደን ውጤት ሳንነግር የቀረንበት ሰፈር በሽታ ቢደበቅ ሊገርመን አይገባም። አዳማ ላይ ሆነን ሩቅ ነው ማለት አንችልም። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። ውጤቱ መጥፎም ቢሆን፣ ገና ያልደረሰም ቢሆን፣ ደውለን እንናገር።

እህቴ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚመጣ ሰው ካጡ ያስቀመጡትን ናሙና ይዘው ራስዎ ክሊኒክ ይሂዱ፤ በሕይወት ያለች የታመመች ካለችም በካርቶን ለይተው ይያዟት። ቤት ሲመለሱ ጫማዎን በበረኪና ይጠቡ። አዲስ ጫጩት ለማስገባት አይቸኩሉ። በሽታው ካቆመ በኋላ ጉዝጓዙን አውጥተው ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፣ ቤቱንና ዕቃውን በበረኪና ይጠቡ፣ ሦስት አራት ሳምንት ባዶ ይቆይ። አዲሶቹን ሲገዙ ምን ክትባት መቼ እንደወሰዱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚቀጥለውን ዙር ክትባት ደግሞ ከእነዚያው ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን ያስከትቡ።