ስድስት አመት ስልክ ሱቅ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ስለ አፕግሬድ (አሮጌ ስልክ በአዲስ ስለ መቀየር) ያናደዳችሁ ነገር ካለ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ አሌክሳንድሪያ ኋላ ደግሞ ፎልስ ቸርች አካባቢ ስልክ ሱቅ ስድስት አመት ሰርቼ ባለፈው አመት ነው የወጣሁት። የየትኛው ካምፓኒ ሱቅ እንደነበር አልናገርም፣ ቬራይዘንም ኤቲ ኤንድ ቲም ቲሞባይልም የሚለያዩበት ነገር ቢኖርም ሰው የሚናደድበት ነገር ሶስቱም ጋ አንድ አይነት ነው። እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አማርኛ የሚናገር ልጅ አለ እየተባለ ሀበሻው ሁሉ እኛጋ ነበር የሚመጣው፣ ያውም ሌላ ሱቅ ተጨቃጭቆ ተናዶ። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ እመልሳለሁ። አመተ ምህረት ስጠራ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ አፑ ላይ አፕግሬድ ማድረግ ትችላለህ ይለኛል፣ ሱቅ ስሄድ ልጁ ሲስተሙ ኤሊጂብል አይደለህም (አይፈቀድልህም) ይላል አለኝ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ እዛ ደግሞ ትችላለህ ግን 300 ዶላር ቅድሚያ ክፈል አሉኝ። ማነው የሚዋሸው?

መልስ፦ ምናልባት ማንም። ችግሩ ኤሊጂብል የምትባለዋ ቃል ናት፣ አንዷን ቃል ለሶስት ነገር ነው የሚጠቀሙባት። አፑ የሚልህ የዚህ ላይን (የዚህ ስልክ ቁጥር) የስልክ እዳ አልቋል ነው፣ ሌላ ምንም አላለም። የመጀመሪያው ልጅ ያየው ፕሮሞሽኑን ይመስለኛል፣ አዲሱን ስልክ በቅናሽ ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ውዱ ፕላን ላይ መሆን አለብህ፣ የድሮ ርካሽ ፕላን ይዘህ ከቆየህ ስልኩን መግዛት ትችላለህ ቅናሹ ግን አይመለከትህም። ሁለተኛው ሱቅ ያየው ደግሞ ክሬዲት ነው፣ አካውንትህ ይሄን ያህል ብድር ይሸከማል የሚል ጣራ አለው፣ የልጆቹ ስልክ ምናምን በብድር ካለ ጣራው ይሞላና ትርፉን እዚሁ ክፈል ይልሃል። ስለዚ ሱቅ ገብተህ ኤሊጂብል ነኝ ወይ ብለህ አትጠይቅ። በዚህ ላይን ዛሬ ስንት ዶላር እዳ አለብኝ፣ ስንት ወር ክሬዲት (ከቢሌ የሚቀነስልኝ ቅናሽ) ይቀረኛል፣ የምትሰጠኝ ፕሮሞሽን ስሙ ምንድነው፣ የትኛውን ፕላን ይፈልጋል በለው። መልሱን ስክሪኑን አዙሮ ያሳይህ። አላዞርም ካለ ውጣ፣ ሱቅ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር ከ20 አመት በላይ ኖሬያለሁ። ድሮ በየሁለት አመቱ 200 ዶላር ከፍለን አዲስ ስልክ እንወስድ ነበር፣ ጊዜው ደርሷል ብለው ራሳቸው ይደውሉልን ነበር። አሁን ሶስት አመት ጠብቅ ይሉኛል። መብታችንን ማን ወሰደው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ትዝታዎ ልክ ነው። ያኔ የሁለት አመት ኮንትራት ነበር። በ2008 አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር ሲሸጥ የስልኩ ዋጋ ያ ሆኖ አልነበረም፣ ቀሪውን ካምፓኒው ይከፍልና በወር በወሩ ቢልዎ ውስጥ ቀስ አድርጎ ይሰበስበው ነበር። በ2013 ቲሞባይል ኮንትራቱን አስቀረ፣ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ 2016 ሲገባ ተከተሉት። ከዛ ወዲህ ስልኩ ለብቻው ብድር ሆነ፣ መጀመሪያ ሁለት አመት ነበር፣ አሁን ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ጋ 36 ወር ነው። ስለዚ አሁን ያለው መብት ሳይሆን እዳ ነው፣ እዳውን ዛሬ ከዘጉ ነገ መቀየር ይችላሉ። የድሮውም ነፃ አልነበረም፣ ግን ለሰው ይገባ ነበር፣ እሱን አልክድም።

ጥያቄ፦ ነፃ ስልክ የሚል ማስታወቂያ አይቼ ሜሪላንድ ሄጄ 100 ዶላር አስከፈሉኝ። ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ የሜሪላንድ ሴልስ ታክስ 6 በመቶ ነው፣ የሚሰላው ደግሞ ከስልኩ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። 1080 ዶላር የሚያወጣ ስልክ "በነፃ" ብትወስጂ 64 ዶላር ከ80 ሳንቲም እዛው ትከፍያለሽ። በሱ ላይ የአክቲቬሽን ወይም የአፕግሬድ ፊ አለ፣ ለብዙ ጊዜ 35 ዶላር ነበር፣ አሁን ከዛ በላይም አለ። ተደምሮ ያው 100 ነው። ማጭበርበር አልለውም፣ ልጁ ስልኩን ከካርቶኑ ከማውጣቱ በፊት ቢነግርሽ ግን ምን ነበረበት?

ጥያቄ፦ አሮጌ ስልኬን ትሬድ ኢን ሰጥቼ አዲስ ከወሰድኩ አመት ሆኖኛል። አሁን እዳውን ዘግቼ ወደ ሌላ ካምፓኒ ልዛወር ስል ሱቅ ያለችው ልጅ ባትዘጋው ይሻልሃል አለችኝ። ለኔ አስባ ነው ለራሷ?

መልስ፦ ላንተ ነው፣ አመስግናት። በቁጥር ላሳይህ። ስልኩ 1080 ቢሆን በ36 ወር ሲካፈል በወር 30 ዶላር ነው። ለአሮጌው ስልክህ 720 ሰጠንህ ሲሉህ ብሩን በእጅህ አልሰጡህም፣ በየወሩ 20 ዶላር ከቢልህ እየቀነሱልህ ነው። እስካሁን በወር 10 እየከፈልክ 12 ወር ቆየህ፣ ማለት 120 ከፈልክ። አሁን ልሂድ ካልክ የቀረው የስልክ እዳ 24 ጊዜ 30 ማለትም 720 በአንዴ ይመጣብሃል፣ የቀረው 480 ዶላር ክሬዲት ደግሞ ይቃጠላል። ብትቆይ ኖሮ ለቀሪው ሁለት አመት የምትከፍለው 240 ብቻ ነበር። ትሬድ ኢን የሰጠኸውን ስልክ ደግሞ አይመልሱልህም። አብዛኛው ሰው ኮንትራት የለም ሲባል በፈለግኩ ቀን እወጣለሁ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ኮንትራቱ እኮ ክሬዲቱ ውስጥ ነው የተደበቀው። መሄድህ ካልቀረ አዲሱ ካምፓኒ እዳህን እከፍላለሁ የሚል ፕሮሞሽን እንዳለው ቀድመህ ጠይቅ፣ ቁጥርህ ሳይዛወር ደግሞ አሮጌውን አካውንት እንዳትዘጋ፣ ቁጥርህን ልታጣት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን አንድ ፋሚሊ ፕላን ላይ ነን፣ አካውንቱ በባለቤቴ ወንድም ስም ነው፣ ድርሻዬን በየወሩ በዜል (በባንክ አፕ) እልክለታለሁ። ስልኬ ሞቶብኝ ሱቅ ስሄድ የአካውንቱ ባለቤት ካልመጣ አይሆንም አሉኝ። ስንት ለምኜው ሲመጣ ደግሞ ያንቺ ላይን አፕግሬድ አምና ተወስዷል አሉን። እኔ ምንም አልወሰድኩም!

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ታሪክ በየሳምንቱ ነበር የምሰማው፣ ሱቁ ውስጥ ቤተሰብ ሲጣላ ቆሜ አይቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አፕግሬዱ የሰው አይደለም የላይን ነው። የአካውንቱ ባለቤት በፈለገው ላይን ላይ ስልክ በብድር አውጥቶ ስልኩን ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል፣ ሲም ወይም ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) መቀየር ደቂቃ አይፈጅም። አምና አንዱ ልጅ አዲስ አይፎን አምሮት የራሱ ላይን እዳ ስላላለቀ ባንቺ አውጥተውለት ይሆናል። በክፋት ነው አልልም፣ ብዙ ጊዜ የሱቁ ሰራተኛ ራሱ ነው ሀሳቡን የሚያመጣው፣ "እዚህ ላይን ላይ ክፍት አለ በሱ ላውጣልህ?" ይላል፣ እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። ችግሩ ማንም ላንቺ አይነግርሽም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ቢሉን ሙሉውን በፒዲኤፍ አስልኪ፣ የመጀመሪያውን ገፅ ብቻ አይደለም። በየቁጥሩ ስር የየትኛው ስልክ ስንተኛ ክፍያ እንደሆነ ይፃፋል፣ ለምሳሌ ከ36ቱ 11ኛው ይላል። ያንቺ ቁጥር ስር ያለው ስልክ ማንጋ እንዳለ ትደርሺበታለሽ። ምናልባት እስካሁን የሰው ስልክ እየከፈልሽ ይሆናል በነገራችን ላይ። ቀጥሎ የባለቤትሽ ወንድም አካውንቱ ላይ ስምሽን እንደ ማናጀር ያስገባልሽ፣ ከዛ በኋላ እሱን ከስራ ሳታስቀሪ ራስሽ ትጨርሻለሽ። እንደውም እኔ ብሆን ቁጥሬን አስለቅቄ በራሴ ስም አወጣ ነበር፣ በወር ትንሽ ቢጨምርም ከዘመድ ጋር አልቀያየምም።

ጥያቄ፦ እናንተ ሱቅ የምትሰሩት ሌቦች ናችሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አንድ ስልክ ልትገዛ ሄዳ ኢንሹራንስ፣ ሰዓት፣ ታብሌት ጭነውባት መጣች። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ምንም አልልም፣ እውነት ነው ይደረጋል። ታብሌቱና ሰዓቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ላይን አላቸው፣ የ36 ወር ብድርም አላቸው፣ ሰራተኛው ደግሞ የሚለካው ዛሬ ስንት አዲስ ላይን ከፈተ ተብሎ ነው። ስልክ አፕግሬድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ኮሚሽኑ ትንሽ ነው፣ ስለዚ እኛጋ ኬዝም ኢንሹራንስም የማይፈልግ ሰው ሲመጣ "ያ ስልክ ስቶክ የለም" ይባል ነበር፣ እቃው ጓዳ ተደርድሮ። እኔም ብያለሁ፣ አላኮራኝም። ያንተ ጥያቄ ግን የጊዜ ገደብ አለው፣ የመመለሻ ቀን አንዳንዱ ጋ 14 ቀን ነው፣ አንዳንዱ ጋ 30። ዛሬውኑ ሰዓቱንና ታብሌቱን ከነካርቶኑ ይዘህ ከእናትህ ጋር ሂድ፣ የተከፈተ እቃ ላይ 50 ምናምን ዶላር ሪስቶኪንግ ፊ (የመመለሻ ክፍያ) ሊቆርጡ ይችላሉ፣ ቢሆንም ከሶስት አመት ይሻላል። እቃውን መመለስ ብቻ ላይኑን ላይዘጋ ስለሚችል ላይኖቹ መዘጋታቸውን በፅሁፍ ተቀበል። ኢንሹራንሱን አፑ ላይ ራስህ ታጠፋዋለህ።

አንድ ሌላ ነገር፣ በሩ ላይ ስሙን አይታችሁ ሁሉም የካምፓኒው ሱቅ አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ ስሙን ተፈቅዶላቸው የሚሰሩ የግል ነጋዴዎች ናቸው፣ ደረሰኙ ላይ ከትልቁ ስም ስር ኦቶራይዝድ ሪቴይለር ይላል። እነሱጋ የገዛኸውን የካምፓኒው ሱቅ አይመልስልህም፣ ሴትአፕ ፊ የሚባል የራሳቸውን ክፍያም የሚጨምሩ አሉ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው። 800 ዶላር ዲፖዚት አሉኝ።

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ። ክሬዲት ስለሌለህ ነው፣ አንተን ንቀው አይደለም። አትክፈል፣ ቅድመ ክፍያ ያለው ፕላን ያዝ፣ ክሬዲት ቼክ አይጠይቅም፣ ከአገር ያመጣኸው ስልክ ከሰራ በሱ ቆይ። ክሬዲት ካርድ አውጥተህ አመት ያህል በስርዓት ከከፈልክ በኋላ ተመልሰህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ አሁን አፕግሬድ አድርጌ አዲሱን ለእህቴ ልሰጣት ነበር። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በብድር ያለ ስልክ ብዙውን ጊዜ ሎክ ነው፣ ለካምፓኒው ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው፣ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ቢገባበት አይሰራም። ኤቲ ኤንድ ቲና ቲሞባይል እዳው ሳያልቅ አይከፍቱም። ሌላው ደግሞ አሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ ኢሲም ብቻ ናቸው፣ እህትሽ ሲሟን ይዛ የምታስገባበት ቀዳዳ ትፈልጋለች። ብትሰሚኝ እዳው ያለቀውን አሮጌውን አስከፍተሽ እሱን ውሰጂላት፣ አዲሱን አንቺ ያዢ። ትሬድ ኢን የሚሰጡሽ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትስጫቸው።

ጥያቄ፦ ትሬድ ኢን የላክሁት ስልክ ስክሪኑ ተሰብሯል ብለው ክሬዲቱን ከለከሉኝ። ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ሱቁ ወደ ስልክ፣ ስልኩ ወደ ሱቁ ይልከኛል።

መልስ፦ ፎቶ አለህ? ከሌለህ ይከብዳል። ከመላክ በፊት ስክሪኑ በርቶ ከፊትም ከኋላም ቪዲዮ መቅረፅ ነው፣ *#06# ስትደውል የሚመጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር ጭምር፣ የፖስታውን ደረሰኝም አትጣል። አሁን ኤፍሲሲ (ስልክ ካምፓኒዎችን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት) ጋ ኦንላይን አቤቱታ አስገባ። ክፍያ የለውም፣ ኤፍሲሲ ለካምፓኒው ያስተላልፈዋል፣ ካምፓኒው በ30 ቀን ውስጥ በፅሁፍ መመለስ አለበት። የሚደውልልህ ሰው የሱቁ ልጅ ወይም ኮል ሴንተር ሳይሆን ነገሩን መጨረስ የሚችል ቢሮ ያለ ሰው ነው። ስትፅፍ አትሳደብ፣ ቀኑን፣ የገቡልህን ቃልና የምትፈልገውን የብር መጠን ብቻ ፃፍ። ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ከመጮህ ይሄ ይሻላል፣ እኛ ሰው ሲጮህብን የምናደርገው ነገር ስላልነበረን ነው የምናፈጠው።

ጥያቄ፦ አሁን ሱቅ ውስጥ ነኝ!! ልጁ ታብሌት ሰጥቶኝ ፈርሚ እያለኝ ነው፣ ምን ልይ ቶሎ በል

መልስ፦ አትፈርሚ ገና። ወደ ላይ ስቢው፣ የወሩ ጠቅላላ ስንት ይላል? ከቃሉ ጋር ይገጥማል? ስንት ላይን ነው የሚያሳየው? ኢንሹራንስ አለበት? ፕሮሞሽኑ ስሙ ተፅፏል ወይስ በአፍ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ አንድ ስልክ ነበር ያልኩት ሁለት ላይን ይላል። ሁለተኛው ምንድነው ስለው ነፃ ሰዓት ነው አለኝ። ኢንሹራንስም 17 ዶላር አለ።

መልስ፦ ሁለቱንም አውጣልኝ በይው። አውጥቶ እንደገና ከላይ ጀምሮ ያሳይሽ፣ ፈገግ ብለሽ ንገሪው፣ እሱም ማናጀሩ እያየው ነው።

ጥያቄ፦ አወጣው። ከዛ ስልኩ ስቶክ የለም አለኝ 😂 ወጥቻለሁ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ከዌብሳይቱ እያዘዝኩ ነው።