ከምኞት እስከ ሁለት ፈረሱላ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ በጅማ አካባቢ ግማሽ ሄክታር ቡና አለው። ጥሩ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) አዘጋጅቼ ለላኪዎች ማቅረብ ሕልሜ ነው። አራት ዓመት አስቤዋለሁ፣ ለጓደኞቼም ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ጥቅምት ሲመጣ ግን እሸቱ እንደወትሮው ለሰብሳቢ ይሸጣል። እናቴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትቀልድብኛለች። ፍላጎቴ አንሶ ይሆን?

መልስ፦ አላነሰም፤ ያነሰ ፍላጎት አራት ዓመት አይቆይም። ጉዳዩ ፍላጎትህን በምን እያጠገብከው እንደሆነ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪዬሌ ኦቲንገን ሥራ ፈላጊ ምሩቃንን ለሁለት ዓመት ተከታትላ ነበር። ስኬታቸውን በምናብ ሲያጣጥሙ የከረሙት ያስገቡት ማመልከቻ ጥቂት፣ ያገኙት ደመወዝም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምናብ ደስታውን አስቀድሞ ይሰጥና ጉልበቱን ያላላዋል። ወሬም ያው ነው፤ «አንተማ ነጋዴ ነህ» ባሉህ ቁጥር ሥራው የተጀመረ ይመስልሃል። ስለዚህ ዘንድሮ ለማንም አትንገር።

ሕልሙን ወደ ኪሎ አውርደው። 200 ኪሎ ቀይ እሸት ይበቃል። ሲደርቅ 80 ኪሎ ገደማ ጀንፈል፣ ሲቀሸር (ቅርፊቱ ሲወልቅ) ደግሞ 35 ኪሎ ያህል፣ ማለትም ሁለት ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ማድረቂያው 1.2 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የሽቦ ወንፊት አልጋ ነው። እሸቱን በተለቀመበት ቀን ውሃ ውስጥ ጨምረህ የተንሳፈፈውን አውጣ፤ አረንጓዴውንም በእጅ ልቀም። ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየሰዓቱ አገላብጠው፤ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ሸራ አልብሰው፣ ጠዋት ጤዛው ሲተን ግለጠው። ፀሐይ ካለ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እርጥበቱ ወደ 11.5 በመቶ ሲወርድ ይነሣል፤ ይህን በጥርስ ነክሶ መገመት ስለሚያሳስት መለኪያ ያለው ሰው ፈልግ።

ነገሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ትልቅ ጉጉት ነው። ግማሽ ሄክታሩ 2,000 ኪሎ እሸት ቢሰጥና በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም በአንዴ ላድርቅ ብትል 120 ሜትር ካሬ አልጋ ያስፈልግሃል። አልጋ ያነሰው ሰው ደራርቦ ያሰጣል፤ የተደራረበው ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ይሻግታል። የተረፈውን መሬት ላይ ካሰጣ ደግሞ ቡናው የአፈር ሽታ ይይዛል።

አራት ዓመት ያስቆመህ ግን ጥሬ ገንዘብ ይመስለናል። እሸት ዛሬ ተሽጦ ዛሬ ይከፈላል፣ ጀንፈል ያስጠብቃል፤ ቤቱ ደግሞ ጥቅምት ላይ ብር ይፈልጋል። እንግዲያው በመስከረም ከአባትህ ጋር ተቀመጥና የትኛው ወጪ በየትኛው ሽያጭ እንደሚሸፈን ተነጋገሩ። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው ተመራማሪ እንዳሳየው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «እሞክራለሁ» ከሚለው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል። የአንተ እንዲህ ትሁን፦ ሰብሳቢው ደጅ ከመጣ፣ 200ውን ኪሎ አስቀርቼ ሌላውን እሸጥለታለሁ።

በአሥረኛው ቀን ማገላበጡ ካንገሸገሸህ የምትመኘው ነጋዴ መባሉን እንጂ ሥራውን አልነበረም ማለት ነው። ይህን በሁለት ፈረሱላ ማወቅ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ምን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ዝም ትላለች። ምኞት የሌለው ሰው ይሳካለታል? (እናት፣ ከጅማ ሄርማታ)

መልስ፦ እናታችን፣ ጥያቄውን ለጊዜው ይተዉት። ፍላጎት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው አንድ ነገር መቻል ከጀመረ በኋላ ነው። ማንም ሳያዛት የትኛውን ደብተር እንደምትከፍት ሁለት ሳምንት ይመልከቱ። ከዚያ በዚያው ትምህርት በሳምንት ሁለት ቀን፣ 40 ደቂቃ ታናናሾቿን ታስጠና። ሐኪም ወይስ መሐንዲስ የሚለው እስከ 12ኛ ክፍል ሊቆይ ይችላል።