የማጭዱ ጥፍር፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው ላባ ስለነበራቸው ትንንሽ አዳኝ ዳይኖሰሮች ጥፍር ነው፤ ሁለተኛው የእግር ጣታቸው ላይ ስላለው፣ ማጭድ ስለሚመስለው። ጠይቁ። ግን በቅድሚያ፦ ያገኛችሁትን የቅሪተ አካል ጥፍር አትጠቡ፣ ሙጫ አትቀቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዚህ ጥፍር ሆድ ይዘረግፉ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እኔ አልቀበለውም። ጥፍሩን ከጎን ሳይሆን ከሥር እዩት። የውስጡ ጠርዝ ድቡልቡል ነው፣ ስለት የለውም። ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ እግር ሠርተው በአሳማ ሥጋ ላይ ሞክረውታል፤ ወጋ እንጂ አልቀደደም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞንጎሊያ ውስጥ የተገኙትን ሁለት ቅሪተ አካላት ደግሞ አስቡ። ማጭድ ጥፍር ያለው አዳኙ ቬሎሲራፕተርና ዕፅ በሊታው ዳይኖሰር ፕሮቶሴራቶፕስ እንደተናነቁ አሸዋ ውጧቸዋል። የቬሎሲራፕተሩ ክንድ በሌላው መንጋጋ ውስጥ ነው። ማጭዱ ያለው የዚያኛው አንገት አካባቢ ነው። ለእኔ ይሄ ወግቶ ጨምድዶ የሚይዝ ጥፍር ነው፤ ጭልፊት ያደነውን ረግጦ እንደሚይዝበት።

ጥያቄ፦ ርዝመቱስ?

መልስ፦ የቬሎሲራፕተር 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የትልቁ ዘመዱ የዳይኖኒከስ 12 ገደማ።

ጥያቄ፦ አንድ ጥፍር አለኝ። ኦሪጅናል ነው?

መልስ፦ ፎቶ የለም፣ የተገኘበት ቦታ የለም፣ ልኬት የለም። ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ ይህ ጥፍር ለምን ብርቅ ሆነ?

መልስ፦ የትንሽ እንስሳ አጥንት ስስ ነው። ሳይቀበር ይሰባበራል፣ ይበታተናል። የሚተርፈውም የውስጡ አጥንት ብቻ ነው። የላዩ የኬራቲን ሽፋን (የእኛም ጥፍር የተሠራበት ነገር) ይበሰብሳል። ስለዚህ እንስሳው በሕይወት ሳለ ጥፍሩ ከምናየው ይረዝም ነበር፣ ጫፉም ይሾል ነበር። በጥፍሩ አጥንት በሁለቱም ጎን ቦይ አለ። ቦዩ መሃል ላይ ድንገት ከተቋረጠ፣ እዚያ ቦታ ተጠግኗል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አንድ ተሳታፊ፦ ላባው ግን ግምት ነው። ማን አየው?

ሌላ ተሳታፊ፦ እንዴ! ቬሎሲራፕተር ክንዱ ላይ የላባ መትከያ ጉብታዎች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ሆኗል። የቻይናው ማይክሮራፕተር የሚባለው ትንሽ ዘመዱ ደግሞ ላባው ራሱ አለቱ ላይ ታትሟል።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ዶሮም ዳይኖሰር ነው ልትለኝ ነው?

ሌላው፦ አዎ፣ ነው።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ወፎች ዳይኖሰሮች ናቸው። አሁን ወደ ጥፍሩ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልገምትም። የሞንጎሊያን ቅሪተ አካል ከአገር ማውጣት ሕገ ወጥ ነው። አሜሪካ ውስጥም በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የዳይኖሰር አጥንት አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሆድ ይቀድበት ነበር ወይስ አልነበረም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ባጸዳውስ?

መልስ፦ አትንካው አልኩ እኮ! መጀመሪያ ተሰብሮ የሚሄደው ጫፉ ነው። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጥና እንዳለ ፎቶ አንሳው። ቦታውን ጻፍ። ከዚያ ሙዚየም ደውል።