ኤሌክትሮኒክ ድራም የጎረቤትን ቅሬታ ያስቀራል ወይ?

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በግቢ የምሽት ባንድ አሠራለሁ፤ ጎረቤት ስለተማረረ ድራሙን በኤሌክትሮኒክ ብቀይረው ይሻላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በዚያው ከተማ ሁለቱንም ለዓመታት የተጫወትኩ እንደመሆኔ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

አኩስቲክ (የተለመደው ባለ እንጨት) ድራም በኃይል ሲመታ ተጫዋቹ ዘንድ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሚወጣ፣ በጠባብ አዳራሽ ውስጥ ዘፋኙም ኪቦርዱም በላዩ ላይ ለመሰማት ይጨምራሉ፤ ሳውንድማኑም ሁሉንም ከፍ ከማድረግ በቀር መላ የለውም። ኤሌክትሮኒኩ ይህን ችግር በእርግጥ ይፈታል። የእርስዎ ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። በድሬ ሙቀት ሰው የሚቀመጠው ደጅ ነው፤ ጎረቤት መኝታ ቤት የሚዘልቀውም የሲምባሉ ጩኸት ሳይሆን የኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና የቤዝ ጊታሩ ጉምታ ነው፤ ጉምታው ደግሞ ከስፒከሩ ይወጣል።

እኔ እሠራበት የነበረ አንድ ቤት ባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ ድራም በገዙ በሳምንቱ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ እናት መጥተው «ልጄ፣ ድሮ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አሁን አልጋዬ ሥር ገባ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሞጁሉ (የኤሌክትሮኒኩን ድምፅ የሚፈጥረው ሳጥን) ኪክ ከእንጨቱ ይልቅ ወፍራም ሲሆን፣ ሰብውፈሩም (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) የጋራውን ግንብ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ወደ ግቢው መሃል አምጥተን ከ60 ሄርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ስንቆርጥ ቅሬታው ረገበ። (መብራት በጠፋ ቁጥር ችክችካው መሃል ላይ ድራሙ ድምፁን ማጥፋቱ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀንም።)

ስለ መጠኑም፣ የአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ከመድረኩ 10 ሜትር ላይ 90 የነበረው 80 ሜትር ላይ ገና 72 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ100 ዴሲቤል ጣሪያ የታዳሚውን ጆሮ እንጂ የጎረቤትዎን እንቅልፍ አይመለከትም። ስለዚህ በየትኛውም ድራም ቢሆን እኩለ ሌሊት ላይ ደረጃውን ማሟላት ከባድ ነው፤ ባንዱን ቀደም ብሎ ማስጀመርና ስፒከሩን ከመኖሪያ ቤቶቹ ማዞር ይቀድማል።

ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት በኪኩ ውስጥ ትራስ ያስገቡ፤ ድራመርዎም በወፍራሙ ስቲክ ፈንታ በቀጫጭን ዘንጎች እሽግ ይሞክር። ከዚያም ባንዱ እየተጫወተ እርስዎ ራስዎ ጎረቤት ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው ያዳምጡ።