«የሰው ፕሮቲን» ከማን ተወሰደ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የበሽታ መከላከል ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ለአዲስ ገቢ ቴክኒሻኖች የአሠራር መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ‹ሪኮምቢናንት የሰው ኬሞካይን ፕሮቲን› የሚለውን አንዱ ባልደረባዬ ‹ድቅል የሰው ኬሞካይን ፕሮቲን› በይው ይለኛል። ሌላው እንዳለ ተይው ይላል። ረቂቁን ያነበበ ቴክኒሻን ደግሞ ‹ከማን ደም ነው የተወሰደው?› ብሎ ጠየቀኝ። የቱ ይሻላል? ‹ኬሞካይን› ነው ‹ኬሞኪን›ስ?»

መልስ፦ ከቴክኒሻኑ ልጀምር። ከሁላችሁም ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው።

«የ» ትንሽ ብትመስልም ብዙ ትሸከማለች። «የሰው ደም» ከሰው የተቀዳ ነው። «የሰው ገንዘብ አትንካ» ሲባል ግን የሌላ ሰው ማለት ነው። «የሰው መድኃኒት» ደግሞ ሰው የሚወስደው እንጂ ከሰው የሚወጣ አይደለም። «የሰው ፕሮቲን» ከነዚህ የቱ ነው? ቴክኒሻኑ የመጀመሪያውን መረጠ። አልፈርድበትም።

ኬሞካይን ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠራ ፕሮቲን ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ግን ቱቦው ውስጥ ያለው ሰው አካል ውስጥ ኖሮ አያውቅም። የሰው ዘረመል ትእዛዝ ተገልብጦ ፕላዝሚድ በምትባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ይሰካል። ፕላዝሚዷ ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ትገባለች። ባክቴሪያው ትእዛዙን አንብቦ ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ከዚያ ተለይቶ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ ይታሸጋል። «የሰው» የሆነው ፕሮቲኑ የተገነባባቸው የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው። ይህንን «የ» ብቻዋን ልትነግረን አትችልም።

አሁን ወደ «ድቅል»። የዚህን ቃል ደጋፊዎች ክርክር አውቀዋለሁ። የተዳቀለ በቆሎ አለ፣ የተዳቀለች ላም አለች፣ ገበሬው ሳይቀር ይገባዋል፣ ሳይንሱ ምን ያስፈራዋል ይላሉ። ቃሉ ስድብ ስለሚሸትበት የምቃወም ይመስላቸዋል። አይደለም። እኛ የፊደል ሰዎች ኰን፣ ጐን፣ ቈን «ዲቃላ» ብለን ስንቆጥር ኖረናል፤ የተቀየመም የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ኰ ላይ የከም የወም ድምፅ አለ፤ ቅይጡ እዚያው ፊደሏ ውስጥ ይሰማል። የተዳቀለችውም ላም የሁለቱንም ወገን ደም ይዛለች። ሲሲኤል2 የሚባለውን ኬሞካይን ግን እንውሰድ። 76 አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ አሰላለፋቸው የሰው ነው። ከባክቴሪያው የተዳቀለበት ምን አለ? የተቀየጠው ዲኤንኤው ነው። ፕሮቲኑ የቅይጡ ውጤት ነው እንጂ ራሱ ቅይጥ አይደለም። ፈረንጆቹ ለማሳጠር ሲሉ ቅጽሉን ከዲኤንኤው ነቅለው ፕሮቲኑ ላይ ለጠፉት። ስንፍናቸውን አብረን መውረስ የለብንም።

በዚያ ላይ «ድቅል»ን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። አንዳንዱ ፕሮቲን ሆን ተብሎ ከሌላ ፕሮቲን ቁራጭ ጋር ተሰፍቶ ይሠራል፤ ለምሳሌ ጫፉ ላይ የአንቲቦዲ (የበሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ጭራ የሚቀጠልለት አለ። እሱ ድቅል ቢባል ያምርበታል። ቃሉን ዛሬ ለሁሉም ካደልነው ያን ጊዜ ምን ልንለው ነው?

«ሪኮምቢናንት» ራሱ ሲፈታ ደስ ይላል። «ሪ» ዳግም ነው። «ኮም» አብሮ ነው። «ቢኒ» በላቲን ሁለት ሁለት ማለት ነው። ስለዚህ ሥሩ ሁለት ሁለት አድርጎ ማገናኘት ነው። ግእዝ ይህንን «ፀመደ» ይለዋል፤ አማርኛ «ጠመደ» ይለዋል፤ «ጥማድ በሬ» ከዚያ የመጣ ነው። ሥሩን ለሥሩ መልሶ መስጠት የሚወድ ሰው «ዳግም ጥምድ» ይል ነበር። እኔም እሱን ባልሁ ደስታዬ ነበር። ነገር ግን «አለቃዬ ጠምዶኛል» በሚባልበት ቢሮ ይህ ቃል አያዛልቅም። «ዳግም ጥምር» ይሁን፤ እሱም ለዲኤንኤው ብቻ።

አማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር በግሥ መናገር ይወዳል። ስምን በስም ላይ ሲደርቡበት ይታፈናል። እኔ ብሆን መመሪያው ላይ መጀመሪያ ሲነሳ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «በዳግም ጥምር ዲኤንኤ ባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ፣ ቅደም ተከተሉ ከሰው ጋር አንድ የሆነ ኬሞካይን»። ረዘመ? ይርዘም። ከዚያ በኋላ «ኬሞካይኑ» ይበቃል። «ፕሮቲን» የሚለው ጭማሪ ትርፍ ነው፤ ኬሞካይን ሁሉ ፕሮቲን ነውና። እርግጥ ነው፣ በአንድ ፍሪዘር ውስጥ በዚያው ስም የሚጠራ አንቲቦዲም ካለ መለያው ላይ «ፕሮቲን» ቢባል አልከራከርም።

«የተመረተ» የሚለውን ግሥ ለቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም የምሟገትለት። አሠራሩ ፕሮቲኑን ሊለውጠው ይችላል። ቀድሞ ራንቴስ ይባል የነበረው ሲሲኤል5 የተባለ ኬሞካይን 68 አሚኖ አሲዶች አሉት። ባክቴሪያ ውስጥ ሲሠራ፣ የማንኛውም ፕሮቲን ንባብ የሚጀምርባት ሜታዮኒን የምትባል አሚኖ አሲድ ሳትቆረጥ መግቢያው ላይ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በዚች በአንዲት ጭማሪ ምክንያት ፕሮቲኑ ሥራውን ገለበጠ። የሕዋሱን ተቀባይ ይይዛል፤ ሕዋሱን ግን አይጠራም፤ እንዲያውም ሌላው እንዳይጠራ በሩን ይዘጋል። የአማርኛ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። እኛም ግሥ ፊት «አል» ቀጥለን ነገሩን ሁሉ እንገለብጣለን።

ወደ «ካይን» እና «ኪን» ልምጣ። ኬሞካይን የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ኦስትሪያ፣ ባደን ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። «ኬሞታክቲክ ሳይቶካይን» የሚለው ተቆርጦ ነው፤ ሳይቶካይን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩበት ፕሮቲን ነው፣ ኬሞታክቲክ ደግሞ በኬሚካል ምልክት ሕዋስን የሚያስኬድ ማለት ነው። ሳይቶካይን የሚለውን ስም ደግሞ ተመራማሪው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1974 አስገባው። መጨረሻው የግሪክ «ኪኔኦ» ነው፤ አንቀሳቀሰ ማለት ነው። ሲኒማም ከዚሁ ግሥ የተወለደ ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለችው የሚንቀሳቀስ ሥዕል አይታ ነው፤ የቃሉን ፍቺ ሳታውቅ ነገሩን አግኝታው ነበር። «ኬሞ»ን በተመለከተ ክርክር የለም። ኬሚካል፣ ኬሚስትሪ ብለናል፤ ሆስፒታል ደጃፍም «ኬሞ ጀመረች» ይባላል። ችግሩ ይኸው ነው፤ ቴክኒሻኖችዎ ኬሞካይንን የካንሰር መድኃኒት እንዳያደርጉት አንድ መስመር ማብራሪያ ያክሉ።

ልቤ ያለው ግን «ኬሞኪን» ጋ ነው። «ኪን» በግእዝ ጥበብ ነው፤ ኪነ ጥበብ፣ ኪነ ሕንፃ የምንለው። ከግሪኩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አፍ ላይ አገርኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ «ካይን» ግን ሁልጊዜ ከአውሮፕላን አሁን የወረደ ይመስለኛል። ምን ይደረግ፣ ሳይቶካይን ቀድሞ ገብቷል፤ ሐኪሙም ጋዜጠኛውም በዚያ ይጠራዋል። ወንድሙን «ኪን» ብንለው ቤተሰብ እንለያያለን። «ኬሞካይን» ብለው ይጻፉ። እያመመኝ ነው የምለው።

«ሪኮምቢናንት»ንም እንደዚሁ። ጠርሙሱ ላይ የታተመው እሱ ነው፤ ቴክኒሻኑ ዕቃ ሲያወጣ የሚፈልገው እሱን ነው። ማብራሪያውን በአማርኛ ሰጥተው ስሙን በፊደላችን እንዳለ ያስቀምጡት። ሁለተኛው ባልደረባዎ አሸነፈ፤ በእኔ ክርክር ሳይሆን በፍሪዘሩ።

ረቂቅዎን እስከ መጨረሻው ስላነበብሁ ሳይጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር። «ኬሞካይኑ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይመለምላል» ብለዋል። ምልመላ ሲባል ቀበሌና ካድሬ ይታየኛል፤ «ሕዋስ» ራሱ የፓርቲ ሕዋስ ሆኖ ከርሞ ስለነበር አረፍተ ነገሩ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መሰለ። «ይስባል» የሚሉም አሉ፤ ግን ሕዋሱ እንደ ብረት በማግኔት አይጎተትም። ኬሞካይኑ ወደሚበዛበት አቅጣጫ ራሱ እየዳኸ ይሄዳል። «ይጠራል» በቂ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ደርቆ ለመጣውም በረዶ ለሆነውም «ይቅለጥ» ብለዋል። የደረቀው ይሟሟል፤ የቀዘቀዘው ይቀልጣል። ሁለቱን አንድ ካደረጓቸው «ደጋግሞ ማቅለጥ ክልክል ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያዎ ለየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ ያድርጉት፦ «ዱቄቱን አሟሙ፤ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፤ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ»። «ዱቄት» የሚለውንም ያስቡበት። የደረቀው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ለዓይን አይታይም፤ ግድግዳ ላይ ወይም ክዳን ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዱቄት የሚጠብቅ ሰው ባዶ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ቱቦው ባዶ ቢመስልም ሳይከፈት በሴንትሪፉጅ ይሽከርከር» የሚል መስመር ያስገቡ።