ሺህ ጊዜ ዕጣ አወጣሁ፤ ምን አገኘሁ ልበላቸው?

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሐዋሳ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። ለዳታ ባለሙያነት ያመለከትሽበት መሥሪያ ቤት የተግባር ፈተና ሰጠሽ። የ8,000 አባወራዎች ወርሃዊ ወጪ ያለበት ፋይል አቅርበውልሽ፣ በአር ፕሮግራም 40 አባወራ በዕጣ መርጠሽ አማካይ ወጪያቸውን እንድታወጪ፣ ይህንኑ 1,000 ጊዜ ደግመሽ የአማካዮቹን አማካይ እንድታሳዪ አዘዙሽ። ሠራሽው፤ ያገኘሽው ቁጥር ከጠቅላላው ፋይል አማካይ በጥቂት ብቻ የሚለይ ሆነ። ከዚያ ፈታኙ «1,000 ጊዜ መድገምሽ ምን ነገረሽ? 10,000 ጊዜ ብትደግሚውስ ምን ይለወጣል?» ብሎ ጠየቀሽ። «ይበልጥ ትክክል ይሆናል» ብለሽ መለስሽ። ከዚያ በኋላ አልደወሉልሽም።

አሁን የምትጠይቂኝ አርን ትተሽ ፓይተን የሚባለውን ሌላ የኮድ ቋንቋ ትማሪ እንደሆነ፣ ከፍለሽ የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ተምሮ እንዲተነብይ የማድረጊያ ዘዴ) ሰርተፊኬት ትውሰጂ እንደሆነ፣ ደግሞም ወንድምሽ እንደሚልሽ ጠቅልለሽ አዲስ አበባ ትገቢ እንደሆነ ነው። ወደ ሦስቱም እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ያቺን «ይበልጥ ትክክል ይሆናል» የሚለውን መልስ እንመርምራት፤ ሥራውን ያሳጣሽ እሷ ትመስለኛለች። የላክሽልኝን ኮድ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ይሠራል። ማንም ፈታኝ ስለ ኮዱ የሚነቅፍሽ ነገር አይኖርም።

ቁጥር ይዘን እንነጋገር። የፋይሉ አማካይ 9,400 ብር፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም የየአባወራው ወጪ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ ደግሞ 6,000 ብር ነው እንበል። 40 አባወራ ባወጣሽ ቁጥር የሚመጣልሽ አማካይ አንዴ 8,500፣ አንዴ 10,300፣ አንዴ 9,350 እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። የዚህ መውጣትና መውረድ መጠን፣ ማለትም ስታንዳርድ ኤረሩ፣ 6,000 ለ40 ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ወደ 950 ብር ይጠጋል። 1,000 ጊዜ ብትደግሚው የአማካዮችሽ መበታተን 950 አካባቢ ነው። 10,000 ጊዜ ብትደግሚውም እዚያው ነው። መቶ ሺህ ጊዜ ኮምፒውተሩን ስታስለፊው ብታድሪም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። እንዲቀንስ ከፈለግሽ በየዙሩ የምታወጪውን ሰው ቁጥር ማብዛት አለብሽ። 40ውን ወደ 160 ብታሳድጊው 950 የነበረው ወደ 470 ይወርዳል፤ ናሙናው አራት እጥፍ ሲሆን ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።

ታዲያ መድገም ምን ያጠራል? የሲሙሌሽኑን፣ ማለትም በኮምፒውተር ዕጣ እያወጣሽ የምታደርጊውን ሙከራ፣ የራሱን ብዥታ ብቻ። 1,000 ጊዜ ስትደግሚ የአማካዮቹ አማካይ ከእውነተኛው በ30 ብር ገደማ ሊርቅ ይችላል፤ 10,000 ጊዜ ስትደግሚ ያ ርቀት ከ10 ብር በታች ይወርዳል። ይህ እውነት ነው፣ አንቺም ያየሽው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እየተጠጋሽ ያለሽው በአንዲት ትእዛዝ ከፋይሉ በቀጥታ ልታገኚው ወደምትችዪው ቁጥር ነው። ፈታኙ ሊሰማ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። «እነዚህ 1,000 አማካዮች ምን ያህል ተበታተኑ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ 40 ሰው ብቻ ጠይቀን ብንመለስ በምን ያህል ልንሳሳት እንችላለን?» የሚለውን። ከኮድሽ የጎደለችው አንዲት መስመር ናት፤ አማካዮቹን ካጠራቀምሽበት ዝርዝር ላይ አማካዩን ብቻ አውጥተሽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ሳታወጪ ተነሳሽ።

ይህን ያህል የማጥብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ ላይ ስትገቢ 8,000ውን አባወራ ማንም አይሰጥሽም። የሚሰጥሽ 40ው ነው። አለቃሽ ደግሞ የሚወስነው ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዳታ ሰብሳቢዎች አበል፣ ስለ ቀን ብዛት ነው። «160 አባወራ እንጠይቅ ወይስ 40 ይበቃናል?» ብሎ ሲጠይቅ ከብር ጋር አገናኝተሽ ልትመልሽለት የምትችዪው መበታተኑን ከለካሽ ብቻ ነው። አማካይማ ኤክሴል የከፈተ ሁሉ ያወጣል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ችግሩም የናሙና ማነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው ጽሑፍ የ3,000 ወንጀለኞችን የቁመትና የግራ መሐል ጣት ልኬት በካርዶች ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በደንብ በውዞ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። የየናሙናውን አማካይና መበታተን አስልቶ ከቀመሩ ጋር አስተያየ። አንቺ በሪፕሊኬት (በአር የመድገሚያ ትእዛዝ) በአንድ መስመር የሠራሽውን እሱ በእጁ ነው የሠራው። ቲ ቴስት ብለን የተማርነው የአማካይ መፈተሻ ዘዴ የመጣው ከዚያ ሥራ ነው። የፋብሪካ ሰው መሆኑን ልብ በይልኝ፤ ይህ ዕውቀት የተወለደው የሚወሰን ነገር ባለበት ቦታ ነው።

የሚቀጥለው ደረጃ ቡትስትራፕ ነው፤ ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው። በእጅሽ ያለው 40 ሰው ብቻ ሲሆን ከነዚያው ከ40ዎቹ፣ የወጣውን ዕጣ እየመለስሽ፣ 40 ታወጫለሽ፤ አንዱ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊወጣ፣ ሌላው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ይህን ብዙ ጊዜ ደግመሽ መበታተኑን ታያለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ተመራቂ የሚደናቀፍባት ጠጠር አለች። ሳምፕል የሚባለው የአር ዕጣ ማውጫ ትእዛዝ ካልነገርሽው በቀር የወጣውን አይመልስም። ከ40 ላይ 40 ሳትመልሺ ካወጣሽ ያው 40ው ሰው ቅደም ተከተሉን ቀይሮ ይመጣል፤ 1,000ውም አማካይ አንድ ዓይነት ሆኖ መበታተኑ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ስታዪ ደስ አይበልሽ፣ ደንግጪ። ሲዱን (የዕጣውን መነሻ ቁጥር) በሉፑ (በሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውስጥ ማስገባትም ያንኑ ዜሮ ያመጣል፤ ሲድ አንድ ጊዜ፣ ከሉፑ በላይ ነው የሚጻፈው። ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አር 3.6.0 ሳምፕል ዕጣ የሚያወጣበትን መንገድ ለውጧል። ስለዚህ በአሮጌ ላብ ኮምፒውተርና በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ያው ሲድ የተለያየ ሰው ሊያወጣ ይችላል። የፕሮግራሙን ቨርዥን በኮድሽ አናት ላይ ጻፊ፤ ፈታኝ ይህን ሲያይ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው መሆንሽን ይረዳል።

ለአማካይ ቀመር አለ፣ ታዲያ ቡትስትራፕ ለምን ያስፈልጋል ካሉሽ ስለ ሚዲያን፣ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ ስለሚውለው፣ ንገሪያቸው። የአባወራ ወጪ ጥቂት ሀብታሞች ወደ ላይ የሚጎትቱት ነገር ስለሆነ ሪፖርት ላይ ሚዲያን ይመረጣል፤ የሚዲያን ስታንዳርድ ኤረር ግን እንደ አማካዩ በቀላል ክፍፍል አይገኝም። የዕጣው ድግግሞሽ ግን ሚዲያን ይሁን ሬሾ ግድ የለውም፤ ያንኑ ኮድ ይዘሽ አንዲት ቃል መቀየር ነው።

እንግዲህ የምመክርሽ ሥራ ይህ ነው። ሰርተፊኬቱን ተዪና በእጅሽ የሰበሰብሽው ዳታ ይኑርሽ። ሐዋሳ ላይ ሆነሽ ዳታ የለኝም ማለት አይሆንልሽም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሂጂ፤ አስጋሪዎቹን አስፈቅጂ። ጠዋት የሚመለሱትን ጀልባዎች ቁጠሪና 20ውን በዕጣ ምረጪ፣ ከእያንዳንዱ ጀልባ ስድስት ቆሮሶ በዕጣ አውጥተሽ መዝኚ። «በዕጣ» ያልኩት የምሬን ነው፤ እጅ በራሱ ትልቁን ዓሣ ያነሳል። በአንድ ቀን ካልሞላልሽ በተከታታይ ቀናት አድርጊው፣ ቀኑንም መዝግቢ። 120 ክብደት ይኖርሻል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። 120ውን ዓሣ አንድ ላይ ደባልቀሽ ቡትስትራፕ አድርጊና ስታንዳርድ ኤረሩን ጻፊ። ቀጥለሽ ደግሞ ዓሣውን ትተሽ ጀልባዎቹን በዕጣ አውጪ፤ አንድ ጀልባ ሲወጣ ስድስቱም ዓሣ አብረው ይግቡ። ሁለተኛው ስታንዳርድ ኤረር ሰፍቶ ቢመጣ አይግረምሽ። ከአንድ ጀልባ የወጡ ዓሦች በአንድ መረብ የተያዙ ናቸው፤ የመረቡ ዓይን ስፋት መጠናቸውን ያቀራርበዋል፣ ስድስቱ ስድስት የተለያየ ወሬ አይነግሩሽም። 120 ቆጥረሽ የያዝሽው መረጃ ግን ከ120 ያነሰ ነው። ይህን በራስሽ ቁጥር አይተሽ መናገር ከቻልሽ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች የሚዘነጉትን ነገር ይዘሻል።

ምክንያቱም አገራችን ውስጥ የሚሠራ ትልቅ ዳሰሳ ሁሉ ማለት ይቻላል በክላስተር፣ ማለትም መጀመሪያ ቦታ ቀጥሎም ከየቦታው አባወራ በመምረጥ፣ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውሰጂ። 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፣ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር፤ ከየቦታው 28 አባወራ። ጎረቤታሞች ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ቦታ፣ የሚታከሙት በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። የወሊድና የሞት መጠኖች ስታንዳርድ ኤረር የተሰላው በጃክናይፍ ነው፤ አንድ ክላስተር እያወጡ፣ በቀሩት እንደገና እያሰሉ፣ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በማየት። ሪፖርቱ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አንብበው ይዘጉታል፤ አንቺ መጨረሻው ላይ ያለውን የናሙና ስህተት አባሪ ክፈቺና አንዱን ሠንጠረዥ አብራርተሽ እስክትናገሪ አጥኚው። ለክትትልና ግምገማ ሥራ መደብ ከዚህ የተሻለ መዘጋጃ አላውቅም።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልመለስ። ፓይተንን አትጥዪው፣ ግን አሁን አርን አትተዪ። በአንዱ ቋንቋ በደንብ ያሰበ ሰው ሌላውን ቶሎ ይለምደዋል፤ በሁለቱም ኮድ የሚገለብጥ ግን ያችኑ ጥያቄ በሁለት ቋንቋ ይወድቃል። ደግሞ ማስታወቂያዎቹን አንብቢ፤ በመያዶች (መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች) ቅጥር ስታታና ኤስፒኤስኤስ የተባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች እንዲሁም ዳታ መሰብሰቢያ ኮቦ ሲጠየቁ ብዙ ታያለሽ። ኮቦን ቶሎ ትለምጂዋለሽ፣ የዓሣውን ምዝገባ በሱ አድርጊው።

የማሽን ለርኒንግ ሰርተፊኬቱን ገንዘብ አሁን አታውጪ፤ ይህን ያለ ማመንታት ነው የምልሽ። ራንደም ፎረስት የሚባለው ዘዴ ራሱ ከዳታው በቡትስትራፕ እየወሰደ ብዙ «ዛፎችን»፣ ማለትም በጥያቄ ቅርንጫፍ የሚሄዱ መተንበያዎችን፣ አብቅሎ ውጤታቸውን የሚያማክል ነው። መሠረቱን ከያዝሽ ኮርሱን በኋላ ትወስጂዋለሽ፣ ያኔም ይገባሻል።

አዲስ አበባን በተመለከተ ወንድምሽ የሚያስበው ለአንቺ ነው፤ የሥራው ብዛት እዚያ መሆኑም ሐቅ ነው። ነገር ግን ባዶ ሲቪ ይዞ ቤት ኪራይ ውስጥ ከመግባት ጥቂት ወራት ሐዋሳ ሆነሽ ልምድ መያዝ ይሻልሻል ባይ ነኝ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ስለሆነች የክልል ቢሮዎች አሉ፤ የጤና፣ የግብርና፣ የፕላን። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ለመስክ ሥራ ዳታ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፤ «ለዲግሪ አይመጥንም» ብለሽ አትለፊው፣ መጠይቅ ይዛ ቤት ለቤት ያልዞረች የስታቲስቲክስ ባለሙያ የጎደለ ዳታ ለምን እንደሚጎድል አታውቅም። ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪዎች ከካርቶኑ ውስጥ ጥቂት ልብስ መርጠው ያዩና ጭነቱ ይለፍ ወይስ ይመለስ ይላሉ፤ ያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ሙያ ነው።

ለሚቀጥለው ፈተና ግን አንድ ነገር አሁኑኑ ተለማመጂ። ኮድሽን ስትጨርሺ ዝም ብለሽ ቁጥሩን አታሳዪ። እንዲህ በያቸው፦ «የአማካዮቹ አማካይ 9,390 ብር ነው። መበታተናቸው 950 ነው፤ ስለዚህ አንድ የ40 ሰው ናሙና ብንወስድ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው የምንርቀው እስከ ሁለት እጥፉ፣ እስከ 1,900 ብር ድረስ ነው። ድግግሞሹን ባበዛ ይህ አይቀንስም፤ ወደ ግማሽ ለማውረድ 160 አባወራ ያስፈልገናል።» ለእናትሽም ሆነ ለጓደኛሽ፣ ስታቲስቲክስ ላልተማረ ሰው ጮክ ብለሽ ንገሪ፤ የት ላይ እንደማይገባቸው እየጠየቅሽ አስተካክዪው።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «አር፣ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ እችላለሁ» የምትለውን መስመር አጥፊያትና በምትኳ፣ የዓሣውን ሥራ ስትጨርሺ፣ ይህችን አስገቢ፦ «በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ገበያ ከ20 ጀልባዎች 120 ቆሮሶ በሁለት ደረጃ ዕጣ መርጬ መዝኛለሁ፤ የአማካይ ክብደቱን ስታንዳርድ ኤረር ጀልባን እንደ ክላስተር ወስጄ በቡትስትራፕ አስልቻለሁ።» ቁጥሮቹ በመጨረሻ ከዚህ ከተለዩ የሠራሽውን ቁጥር ጻፊ። ኮዱንና ዳታውን በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ኢንተርቪው ላይ አሳዪን ካሉሽ እዚያው ትከፍቺላቸዋለሽ።