ሸጫለሁ ያልኩበት ወረቀት

ልጆች፣ ሼባ ሲመክር ወሬው ይረዝማል፤ አውቃለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። “ጋሼ፣ ዘፈን ጀምሬያለሁ፣ ግን ልቤ ፊልም ላይ ነው፣ የራሴንም ድርጅት ልከፍት አስቤያለሁ፣ ምን ይመክሩኛል?” ለእያንዳንዳቸው ስልክ ላይ ስንተባተብ ካርድ ከምንጨርስ፣ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የኔ ሥራ ድምፅ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ካሴት ቀድቻለሁ፣ ዜማ ደርሻለሁ፣ ሠርግ ቀርጫለሁ (አትሳቁ፣ ልጆቼን ያሳደገው ሠርግ ነው)፣ በኋላ ደግሞ የፊልም ድምፅ ሠራሁ። ከዘፈን ተነስቶ ፊልም ውስጥ ስለገባና የራሱን ቤት ስላቆመ ሰው ሲነሳ ግን የኔ ታሪክ ብዙ አያስተምርም። የአሜሪካዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ የከርቲስ ሜይፊልድ ያስተምራል።

ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1942 ቺካጎ ተወለደ። (የሱን ዘመን ስጠራ ሁሉም በፈረንጆቹ ነው።) ያደገው በድህነት ነው። አያቱ ሰባኪ ነበሩ፣ እሱም ድምፁን ያወጣው በሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጊታር ቁጭ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹን ቁልፎች እየነካካ ለመደ፤ ጊታር እጁ ሲገባ ክሮቹን ለነዚያው ጥቁር ቁልፎች ቃኛቸው። ሌላው ጊታሪስት ሁሉ በሌላ መንገድ እንደሚቃኝ ያወቀው በኋላ ነው። ሲያውቅም አልቀየረውም።

ኪቦርድ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ነጮቹን ተዉና አምስቱን ጥቁሮች ብቻ፣ ሦስት ተጠጋግተው ካሉት ከመጀመሪያው (“ፋ ሻርፕ” ከሚባለው) ተነስታችሁ ውጡ። የምትሰሙት የኛው የትዝታ ቅኝት፣ ትዝታ ሜጀር ነው! እኔ ይህን ሳውቅ ለብቻዬ ስቱዲዮ ውስጥ ስቄያለሁ። የሰውዬውን ዘፈን ስሰማ ለምን ሆዴን እንደሚያባባው ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ። ልጁ ኢምፕሬሽንስ ከሚባሉ ጓደኞቹ ጋር በ1958 የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። የ16 ዓመት ልጅ ነው። ሸክላው ተሸጠ። ግን ሸክላ ቤቱ ሸክላው ላይ የመሪ ድምፃዊውን፣ የጄሪ በትለርን ስም ለይቶ ከፊት አተመው። ልጆቹ ተኮራረፉ፣ በትለርም ወጣ፣ ቡድኑ ሜዳ ላይ ቀረ። ከርቲስ ግን በትለርን አላኮረፈም፤ ጊታሩን ይዞ ከኋላው ሄደ። ዘፈን ጻፈለት፣ ዘፈኑም በ1960 ተወደደ። በዚያ ሥራ ባጠራቀማት ገንዘብ የድሮ ጓደኞቹን ሰብስቦ ኒው ዮርክ ወሰዳቸውና እንደገና አስቀረጸ። የሰው ሎሌ መሆን የሚያሳፍራችሁ ልጆች እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። ሰው ኋላ ቆሞ ጊታር መምታቱ አይጎዳውም፣ ቀኑ ሲደርስ ወደፊት የሚሄድበትን ካጠራቀመ።

ከዚያ ያደረገው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ። ገና ወጣት እያለ የዘፈኖቹን የድርሰት መብት የሚይዝ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በዚያ ዘመን፣ ያውም ለጥቁር ልጅ፣ ይህ የተለመደ አልነበረም። አብዛኛው ዘፋኝ ዘፈኑን ሲያስቀርጽ የድርሰቱን መብት አብሮ ያስረክባል፣ ጥቂት ብርና መኪና ይሰጠዋል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ኩባንያውን ከርቶም አለው። “ከር” ከከርቲስ፣ “ቶም” ከቶማስ፤ ኤዲ ቶማስ ሥራ አስኪያጁና ሸሪኩ ነበር። ሸክላ የሚያወጣ ድርጅት ሆኖ ከርቶም የተነሳው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሌሎች የሸክላ ስሞች ሞክሮ ነበር፣ አልዘለቁም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ውል የምትፈርሙት ልጆች ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቀረጻው ነው፤ ማስተር የምንለው። ድርሰቱ የአንድ ሰው፣ ማስተሩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ፊልም ሠሪ ዘፈናችሁን ከምስል ጋር ሊያጋጥም ሲፈልግ በደንቡ የሁለቱንም ባለቤት ማስፈቀድ አለበት። ሁለቱንም የያዘ ሰው ፊልም ቤት ሲገባ ለማኝ አይሆንም። ከርቲስ ፊልም ቤት የገባው እንደዚያ ሆኖ ነው።

ኒው ዮርክ ውስጥ ዝግጅቱን ጨርሶ ከመድረክ ጀርባ እንዳለ አንድ ጸሐፊና አንድ ፕሮዲውሰር ስክሪፕት ይዘው መጡ። ፊልሙ በ1972 የወጣው ሱፐር ፍላይ ነው፤ የኮኬይን ነጋዴ ታሪክ፣ ዳይሬክተሩ ጎርደን ፓርክስ ጁኒየር። ስክሪፕቱን ወደደውና ወዲያው መጻፍ ጀመረ። የተቀረጸውን ምስል ሲያይ ግን ከፋው። ለኮኬይን ማስታወቂያ የተሠራ መሰለው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ጥላችሁ ትወጣላችሁ? ወይስ “ብር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ” ትላላችሁ? እሱ አልወጣም፣ ዝምም አላለም። ምስሉ ነጋዴውን ሲያሞግስ ግጥሙ የሚያልቁትን ሰዎች እንዲያነሳ አድርጎ ጻፈው። ስለሞተ አንድ ተራ ተላላኪ የሚያዝን ዘፈን አለ። ፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃው ብቻ ነው፣ ቃሉ የለም። ሸክላው ላይ ግን ከነቃሉ ነው፣ ሸክላውም ከፊልሙ ቀድሞ ወጣ። እና ሰው ሲኒማ ቤት ሲገባ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ነው! ምስሉን እያየ በሆዱ ሌላ ነገር ይዘፍናል። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ገቢው ከፊልሙ ገቢ በለጠ ይባላል።

ማጀቢያ ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች፣ ዳይሬክተሩ “እዚህ ጋ የሚያሳዝን ነገር ጣልልኝ” ሲላችሁ ዋሽንት አምጥታችሁ አትወርውሩ። ስክሪፕቱን ጠይቁ። ምስሉን እዩ። ከዚያ የራሳችሁን አስተያየት ይዛችሁ ኑ። ስንት ፊልም ሠርቻለሁ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስክሪፕቱን ልስጥህ ያለኝ በእጄ ጣት ይቆጠራል፤ ስጡኝ ብዬ የጠየቅኩትም ከዚያ አይበልጥም። ጥፋቱ የኔም ነው።

ከዚያ በኋላ በር ተከፈተለት። ለዘፋኞቹ ለግላዲስ ናይት፣ ለስቴፕል ሲንገርስ፣ ለአሬታ ፍራንክሊን የፊልም ሙዚቃ ጻፈ፣ ፕሮዲውስም አደረገ። በ1977 ደግሞ ስለ እስር ቤት በተሠራ ፊልም ላይ ራሱ ተወነ። ዘፋኝ ፊልም ውስጥ ሲገባ የግድ ካሜራ ፊት መቆም ያለበት ይመስለናል፤ እሱ ካሜራ ፊት የቆመው ጥቂት ጊዜ ነው። ፊልሙ ውስጥ የገባው በሚያውቀው ነገር ነው።

ሁሉም ነገር አማረለት እንዳትሉኝ ደግሞ። ሰውየው ይጽፋል፣ ይዘፍናል፣ ያቀናብራል፣ ለሌላው ፕሮዲውስ ያደርጋል፣ ድርጅትም ይመራል። እኔ ሲመስለኝ ይህ ለአንድ ጭንቅላት በዛ። ዲስኮ ሲመጣ ጊዜው ከሱ ሮጠ፣ ከርቶምም በ1980 አካባቢ ቆመ። ቤተሰቡን ይዞ አትላንታ ገባ። እናንተም ድርጅት ስትከፍቱ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። የአክስት ልጅ ስለሆነ ብቻ አይሆንም።

እኛ ዘንድም የራሱን በር የከፈተ ሰው ነበር። አመሃ እሸቴ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሞኖፖል በመንግሥት ተቋም በተያዘበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ማውጣት ጀመረ፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ። እስከ 1975 (ይህም በፈረንጆቹ ነው) ድረስ መቶ ያህል ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም “የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን” እያለ ከሚሰማው ብዙው እሱ ያሳተመው ነው። ዘፋኝ አልነበረም፤ ግን ማስተሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር።

አሁን ወደ እኔ ውርደት።

በ1984 ዓ.ም. ለአንድ አልበም ሁለት ዜማ ሰጠሁ። ሙዚቃ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፣ የካሴት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሮባታል። ባለቤቱ አራት መቶ ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በካርቦን የተባዛ ወረቀት አቀረበልኝ። ብሩ በወረቀቱ ላይ ነበር የተቀመጠው። ልፈርም ስል ብሩን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። እኔም ዓይኔ ብሩን ተከትሎ ሄደ። “ሙሉ በሙሉ ሸጫለሁ” የሚለውን ያነበብኩት ቤቴ ገብቼ ነው። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ስሜ እንኳን የለም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙ ግማሽ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ዜማዬ መጣ! ሌላ ሰው በሳክስፎን እየተጫወተው፣ ግን የኔው ነው። ባለቤቴ እጄን ጨብጣ “ያንተ አይደለም እንዴ?” አለችኝ። የቲኬቱን ዋጋ ከፍዬ የራሴን ዜማ ሰማሁ።

በማንም አልፈርድም። ፈርሜያለሁ። ያኔ ሕጉም ዛሬ እንዳለው አልነበረም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። የደራሲን መብት በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እናንተ ይህ አላችሁ። ግን አዋጁ ያላነበባችሁትን ወረቀት አያነብላችሁም። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ ስልክ ላይ ነው የሚመጣው፣ ዩቲዩብ ላይ የሚጭንላችሁ ሰው “እዚህ ጋ ንካው” ይላል፣ ትነካላችሁ። ከመንካታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ለእናታችሁም ቢሆን። እናቶች “ሙሉ በሙሉ” የሚለው ቃል ላይ ወዲያው ይነቃሉ።

ከርቲስ በነሐሴ 1990 ብሩክሊን ውስጥ ሜዳ ላይ በተዘጋጀ ኮንሰርት መድረክ ላይ እንደወጣ የመብራት ብረት ወደቀበት። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በጥቁሮቹ ቁልፎች የተቃኘው ጊታር ከዚያ ቀን ወዲህ በእጁ አልተመታም። ሆኖም በ1996 አንድ አልበም አወጣ፤ በጀርባው ተኝቶ፣ ትንፋሽ ስለማይበቃው አንድ አንድ መስመር እየዘፈነ። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ልጆች “ጋሼ፣ ዛሬ ድምፄ አልተመቸኝም” ሲሉኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ይሰለቻሉ። በ1999 መጨረሻ አረፈ። ገና 57 ዓመቱ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ደወለልኝ። ሲኒማ ቤት የሰማሁት ያ ዜማ የኔ እንደሆነ ከሰው ሰምቶ፣ ለአዲሱ ፊልሙ እንድፈቅድለት ነው። መጠየቁ ራሱ ደስ አለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። “የኔ እኮ አይደለም” አልኩት። “ታዲያ የማን ነው ጋሼ?” አለ። ሙዚቃ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቦታው ላይ አሁን የጫማ መደብር አለ፣ ሰውየውም አርፏል። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው ይባላል። ከልጁ ጋር ሆነን ስልካቸውን የሚያውቅ ሰው እያፈላለግን ነው።